ለእንግዶቹ መኪና የዘረጋነው ሽቦ

እናቴ እንግዳ ከበሯ ውጭ ሲያድር ዝም ብላ የምታይ ሰው አይደለችም። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከወልቂጤ መጥቼ ቡታጅራ ሰፈራችን ስደርስ፣ አንዲት ነጭ ግዙፍ መኪና ግማሿ ግቢያችን ውስጥ ግማሿ መንገድ ላይ ሆና፣ የባጃጅ ሾፌሮች ከኋላ እየገፏት፣ እናቴም ከፊት ቆማ በሁለት እጇ "ና! ና! ወደ ግራ! ቀጥ!" ስትል ሳያት ብዙም አልተገረምኩም። የገረመኝ የመኪናዋ መስኮቶች መጋረጃ ያላቸው መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሁለት በዕድሜ የገፉ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ አስፋልቱ ዳር ቆመው ታያለች። ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ የመኪናቸው ዲናሞ ተቃጥሎ ባትሪው ሞቷል። መካኒኩ ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰኞ ነው ብሏቸዋል። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ እነሱም አማርኛ አይችሉም። ብቻ ሁለት መዳፏን በትራስ ቅርጽ ጉንጯ ሥር አድርጋ "የት ልታድሩ ነው?" አለቻቸው። እነሱ መኪናዋን አሳዩዋት። እዚህ ላይ ነው ደሟ የፈላው።

"ወላሂ አይሆንም!" አለችኝ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ። "ንገሪያቸው። ሳሎኑን አንጥፌያለሁ። አዲሱን አንሶላ ነው ያወጣሁት።"

ነገርኳቸው። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደጋግማ አመሰገነች፤ ግን ወገቧን ታማለች፣ ከመኪናዋ ፍራሽ ሌላ ላይ ከተኛች በማግስቱ መነሳት አትችልም። ባልየው የኋላውን በር ከፍቶ አስጎበኘን። አልጋ አለ። ምድጃ አለ። ዕቃ ማጠቢያ አለ። ከጉልበቴ የማትበልጥ ፍሪጅ አለች። እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ ነካክታ ስታበቃ "ቤታቸውን አዝለው ነዋ የሚዞሩት" አለችና ትንሽ ቀዝቀዝ አለች። ያም ሆኖ ፊቷ አልፈታም። እሷ ግቢ ደርሶ መኪና ውስጥ የሚያድር እንግዳ! ጎረቤት ምን ይላል?

"ታዲያ ምንም አይፈልጉም?" አለ አባቴ። አቮካዶው ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"መብራት ብቻ። ከቤታችን መብራት እንድናገናኝላቸው ነው የሚፈልጉት።"

አባቴ ተነሳ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀልጠፍ ብሎ ሲነሳ አላየሁትም። "እንግዳ ቤቴ አልገባም ካለ፣ ቤቴ ወደሱ ይሂዳ!" አለና እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደደ። ኪሱ ባዶ ነበር። እጁ እዚያው ትንሽ ቆየችና ወረደች። እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ፣ ምክንያቱም ኪሱ ለምን ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ።

አባቴ የመብራት ሠራተኛ ነው። "ነበር" ማለት ይቀለኛል፤ ግን እሱ ፊት ማንም "ነበር" ብሎ አያውቅም። ከግማሽ የማያንሰውን የሰፈራችን ቤት ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። የስኳር በሽታው ዓይኑን ሲይዘው ግን፣ ሰው ከሩቅ በአካሄዱ ይለያል እንጂ የሽቦ ቀለም መለየት አቃተው። ለማንም አልተናገረም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከእኛ ሦስት በር አልፎ ያለ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ አምፖል እንዲቀጥልለት ጠራው። ቀጠለለት። ከሰዓት በኋላ ሽቦው ጨሰ፤ አጠገቡ የነበረው የማረቆ በርበሬ እሳት ያዘ። ሰው አልተጎዳም፣ የተቃጠለውም ጥቂት ማዳበሪያ በርበሬ ነው። ግን የሚቃጠል በርበሬ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰፈሩ በሙሉ ልጅና ሽማግሌ ሳይለይ እያነጠሰና እያለቀሰ ወደ አስፋልቱ ወጣ። መስጊድ የነበሩት እንኳ ሱጁድ ላይ፣ ግንባራቸው መሬት እንደነካ፣ ሲያነጥሱ ነበር ይባላል።

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። "የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ" አለው፤ ካሳ የሚባል ነገር ሲነሳም ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴን ለሥራ የጠራው የለም። እሱም፣ ሌላም ሰው። ሰላምታው እንደድሮው ነው፤ ሥራው ነው የቀረው። አባቴን የጎዳው ደግሞ ይኼ ነው፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነገር ሠራሁ። በዚያው ሳምንት ሸሚዙን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቴስተር ወሰድኩ። ቴስተር ማለት ጫፏን ሽቦ ላይ ሲያስነኳት ኮረንቲ ካለ እጀታዋ ውስጥ ትንሽ መብራት የምታበራ ብሎን መፍቻ መሳይ ነገር ናት። ከትዳሩ በፊት የገዛት ናት። ሸሚዞቹ ሁሉ ኪሳቸው ላይ የእሷ ቅርጽ አለባቸው። "ጠፋች፣ ከውሃው ጋር ሳትደፋ አልቀረችም" አልኩት። እሱም ለሳምንታት ከልብስ ማጠቢያው ሥር፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከዶሮው ቤት ሥር ሲፈልጋት ከረመ። እኔ ወልቂጤ ይዣት ሄድኩ። ለደህንነቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ግን ቦርሳዬን በከፈትኩ ቁጥር አያታለሁ፣ ባየኋትም ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ ያን ቀን አባቴ ሲነሳ ፈጥኜ "አባ፣ አንተ ቁጭ በል፤ እኔ አለሁ" አልኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኮረንቲ ምዕራፍን በቃሌ ነው የማውቀው። ሽቦ ነክቼ አላውቅም እንጂ።

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ።

ፈረንጁ አንድ ካርቶን አወጣ። በየሄደበት አገር የገዛው ማገናኛ ነው፤ ክብ እግር ያለው፣ ጠፍጣፋ እግር ያለው፣ ሁለት እግር፣ ሦስት እግር። ከመኪናዋ ጎን የሚወጣው ገመድ ጫፉ ላይ ጡጫ የሚያህል ሰማያዊ ስፒና አለው። የእኛ በረንዳ ሶኬት ደግሞ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው። ካርቶኑን ስንበረብር ሰማያዊውን ወደ ሁለት ክብ እግር የሚቀይር አገኘንና፣ ክቡ አልገባ ሲለኝ አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ በላይኛው ቀዳዳ ሰክቼ፣ የታችኞቹ ሲከፈቱ ስፒናውን ገፋሁት። ገባ። እንደ ጀግና ዞር ብዬ አየኋቸው።

ፈረንጁ ግን አላጨበጨበም። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ከዚያ ሦስት ትንንሽ መብራት ያላት፣ አውራ ጣት የምታህል መፈተሻ አወጣና ገመዱ ጫፍ ላይ ሰካት። ቀይ በራች። ነቀለው።

"ምን ሆነ?" አለ አባቴ ከወንበሩ።

"ቀይ በራ።"

"ሶኬቱን በምን ከፈትሽው?"

"በ... በእስክሪብቶ።"

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። "ይኸው! ፊዚክስ በእስክሪብቶ! ልጄ፣ እስክሪብቶውን የሰካሽበት ቀዳዳ እኮ የኧርዙ ነው። መኪናዋ ብረት ናት። ሽቦ ተልጦ ቢነካት በሩን የያዘ ሰው ይደርቃል። ኧርዝ ካለ ኮረንቲው ወደ መሬት ይሄዳል። እሷ መፈተሻ 'መሬቴን አምጡልኝ' ነው የምትልሽ።"

ይህን እኔ ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬዋለሁ። አፈርኩ። ካርቶኑን ገልብጠን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ትክክለኛውን ማገናኛ አገኘን። ያለ እስክሪብቶ ሰተት ብሎ ገባ። ፈረንጁ መፈተሻዋን ሰካ።

ቀይ።

"አሁንም ቀይ ነው፣ አባ።"

አባቴ አሁን አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ከዘራውን መሬት ላይ ሲያዞር ቆየና፣ "አትልፉ" አለ። "ሶኬቱ ቀዳዳ አለው እንጂ ከኋላው ሽቦ የለም። ለዚህ ቤት ኧርዝ አልቀበርኩም።"

ከዚያ ምክንያቱን ተናገረ። ቤቱን ሲሠራ መሬት የሚቀበረውን የመዳብ ዘንግ ገዝቶ ነበር። በዚያው ሰሞን የመስጊዱን ሽቦ በነጻ ሲዘረጋ ዘንግ ጎደለ፤ "ለእኛ ነገ" ብሎ የኛን ሰጠ። ያቺ ነገ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት።

"ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" አለ ለራሱ።

እናቴ ግን በእጇ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። "ቆይ። የፍሪጁ ነገር ለዚህ ነው?"

ይህን ማስረዳት አለብኝ። ቤታችን ፍሪጁ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ይቀመጣል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ፍሪጅ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ እሱን ያጠልቃል፤ በባዶ እግር ከነኩት ይነዝራል። እኔ ይህን እንደ ሥርዓት ነበር የማየው። ወልቂጤ የመጀመሪያ ዓመት የተከራየሁበት ቤት ፍሪጅ ስከፍት ጫማ ፈልጌ አከራዬን አስቄያለሁ። ያኔም ቢሆን፣ ፊዚክስ ተመርቄ፣ የገዛ ቤቴን ነገር አልጠረጠርኩም።

"ሃያ ስድስት ዓመት በጫማ ፍሪጅ ስታስከፍተኝ!" አለች እናቴ።

"በአላህ ጥበቃ ነው የከፈትሽው" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ዘንግ ከተገኘ አሁን መቅበር ይቻላል?" አለችው።

"ሌላ ገዝቼ ነበር እኮ። ዕቃ ቤት አስቀምጬው ጠፋ።"

እናቴ ወደ ጓሮ ዞር ብላ አየች። እኛም አየን። የዶሮው ቤት በር በአንድ ረጅም ቀላ ያለ ብረት ተቀርቅሮ ቆሟል። "እኔ ተራ ብረት መስሎኝ..." አለች። በዚህ አባቴ ብቻ ሳይሆን ምንም ያልገባቸው ፈረንጆችም ሳቁ።

የዶሮዎቹን በር በገመድ አስረን ዘንጉን ወሰድን። ወሩ ደረቅ ነበር፤ ግቢው እንደ ሸክላ ነቅቷል። ፈረንጁ መዶሻ ይዞ በረንዳው ሥር ሊመታ ሲል አባቴ በከዘራው ከለከለው። ከዚያ ጓሮ ወሰደን፣ እንሰቶቹ ሥር፣ ለሶላት ስንታጠብ የውዱእ ውሃችን የሚፈስባት ቦታ። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር።

"ኧርዝ ደረቅ መሬት አይወድም" አለኝ። "እዚች መሬት ግን ክረምት በጋ፣ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ ትጠጣለች። እኔ ባልሰግድ እናትሽ ትሰግዳለች። ጠዋት ከመብራት ኃይል በፊት ነው የምንነሳው።"

ይህ በየትኛውም መጽሐፌ ውስጥ የለም። ያን ጊዜ አባቴን በጣም ወደድኩት።

ዘንጉ ገባ። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦው ተዘረጋ። ቀጥሎ ሶኬቱን ፈትቶ ከኋላው ማሰር ነው። አባቴ ብሬከሩን አስወረደኝ። "መጥፋቱን ማረጋገጥ ይሻላል" አለና እጁ እንደገና ወደ ኪሱ ሄደች። እንደገናም ባዶዋን ወረደች።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሳሎን ገብቼ ቦርሳዬን ከፈትኩና ቴስተሯን አምጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ እጀታዋን ዳሰሰ። አንድ ቦታ ላይ ሰንጠቅ ያለ ነገር አለባት፤ እሱን ሲያገኝ ቆመ።

"ተገኘች?" አለኝ።

"ተገኘች።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሥራው ላይ ሳለ "በራች ወይ?" ሲል ጠየቀኝ። አልበራችም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ "ግራ ያለው ምን ቀለም ነው?" "ቀይ።" "ቀኙ?" "ጥቁር።" እንደ መምህር ነበር የሚጠይቀኝ፤ የሚፈትነኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ነው የገባኝ። ቴስተሯ አፍንጫው ሥር ናት፤ እሱ ግን ብርሃኗን አያይም። ሁለት ዓመት የደበቅኳትን ዕቃ መልሼለት እንኳ እሱ አያያትም። እጆቹ ግን ነበሩ። ሽቦውን ይልጣል፣ ይጠመዝዛል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ጎትቶ ይፈትሻል፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ዓይን የኔ፣ እጅ የሱ ሆነን ጨረስን።

በዚህ መሃል ግቢው ሞልቷል። መጋረጃ ያላትን መኪና ለማየት ያልመጣ የለም። የበርበሬ ነጋዴውም መጥቶ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ከኋላችን ቆሞ ነበር። አባቴም ድምፁን ሰምቶ ሰላምታውን መለሰ፤ የያዛትን ብሎን ግን ሁለተኛ አጠበቃት፣ ከዚያም ሦስተኛ።

ብሬከሩን አነሳሁ። ፈረንጁ መፈተሻዋን ሰካ። አረንጓዴ!

"ምን በራ?" አለኝ አባቴ በሹክሹክታ።

"አረንጓዴ ነው፣ አባ። አረንጓዴ።"

ፈረንጁ አባቴን አቀፈው። ገመዱ ተሰካ፣ መኪናዋ ውስጥ አምፖል ቦግ አለ፣ ትንሿ ፍሪጅ ማጉረምረም ጀመረች፣ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ መብራት ሄደ። የኛ ብቻ አይደለም፣ ከመስጊዱ እስከ አስፋልቱ ጭጭ። ፈረንጁ ፊቱ ነጭ ሆኖ ከመኪናዋ ወረደ፤ ከተማውን ያጠፋው መስሎታል። ይቅርታ ሲል፣ ሲለማመጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሲጎነበስ፣ እናቴ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። "ንገሪው፣ ልማዱ ነው በይው! ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ነው!" ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ መጣ።

መኪናዋ አሁን መብራት ያለው ቤት ሆነች። እናቴም ቂሟን ረሳች። ቆጮና ጎመን በአይብ በትሪ አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የመኪናዋን በር አንኳኳችና "ቤት ለእንቦሳ!" ብላ ገባች። እንግዶቹን "እንቦሳ እሰሩ" ማለት ለማስተማር ከማገናኛው የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ።

እሁድ ጠዋት አባቴና እኔ ሽቦውን ከጓሮው እስከ ፍሪጁ ሶኬት ዘረጋን። ሲያልቅ እናቴ መጣች፣ ነጠላ ጫማውን በእግሯ ገፋ አደረገችው፣ ቢስሚላህ አለች፣ በባዶ እግሯ ቆማ የፍሪጁን እጀታ ያዘች። ምንም አልሆነችም። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። "ቀዝቃዛ ብቻ ነው" አለች። ከዚያ አባቴን አየችው፤ እንዴት እንዳየችው እኔ አልጽፈውም።

ከሰዓት ወደ መናኸሪያ ስወጣ አባቴ እስከ በር ሸኘኝ። ቴስተሯን ከኪሱ አውጥቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተታት።

"አባ፣ ያንተ ናት እኮ!"

"ያኔ ስትወስጃት አይቼሻለሁ" አለኝ። "ትንሽ ነገር ነው የማላየው፤ አንቺን አያለሁ።"

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። "ታዲያ ለምን ስትፈልጋት ከረምክ?"

"ሳልፈልግ ብቀር አይቼሽ እንደነበር ታውቂያለሻ። ታፍሪያለሽ ብዬ ነው።" የቦርሳዬን ዚፕ ራሱ ዘጋው። "አሁን ግን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።"

እስከ ወልቂጤ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለቅሶ የምሄድ መስሏቸው "አይዞሽ፣ አላህ ያጽናሽ" አሉኝ። አላረምኳቸውም።

ማክሰኞ እንግዶቹ ሄዱ። ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ነው። ስልክ ላይ መጮህ ይወዳል፣ ያን ቀን ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"የበርበሬ ነጋዴው መጥቶ ነበር" አለኝ። "ወፍጮው ሲነኩት ይነዝራል። ኧርዝ ቅበርልኝ ነው የሚለው።"

"ምን አልከው?"

"ቅዳሜ ዓይኔ ሲመጣ እንሠራዋለን አልኩት" አለ። "ቴስተሯን እንዳትረሺ።"